የዩኒቨርሲቲውን ሲስተም ማን ይምረጥ፦ አይሲቲ ወይስ ተጠቃሚው?

መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ሲገዛ መወሰን ያለበት ማነው? የኮምፒውተርና ኔትወርክ ክፍሉ (አይሲቲ) ወይስ በሲስተሙ የሚሠራው ክፍል? እኔ የማስተምርበት ግቢ የተማሪ መረጃ ሲስተም ሲቀየር ሬጅስትራር የሰማው ለሥልጠና በተጠራ ዕለት ነው። ሲስተሙ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። አንዱ ጸሐፊ የአባት ስም ሞላ፣ ሌላዋ የአያት። ትራንስክሪፕቱ ታትሞ ሲወጣ ስማቸው ከዲግሪያቸው ጋር የማይገጥም ተመራቂዎች በር ላይ ተሰለፉ። አንዲት የሬጅስትራር ሠራተኛ ቀድማ ብታየው በአምስት ደቂቃ ትይዘው ነበር። አቋሜ ግልጽ ነው። ውሳኔው የተጠቃሚው ይሁን። አይሲቲ ያማክር፣ ይተግብር።

የአይሲቲ ባለሙያው፦
መምህር፣ የስሙ ነገር የእኛ የሙያተኞቹ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ግን «ተጠቃሚው ይወስን» ሲባል ምን እንደሚመጣ አይቼዋለሁ። በሠራሁበት ግቢ እያንዳንዱ ኮሌጅ በየፊናው ይገዛ ነበር። አንዱ ሰርቨር ዲኑ ጠረጴዛ ሥር፣ ሌላው ላብ ጥግ። ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) የለ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የለ። አንድ ዲፓርትመንት የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያው የሠራውን ሲስተም ሦስት ዓመት ተጠቀመበት። ልጁ ተመርቆ ሄደ፤ ፓስወርዱም ሶርስ ኮዱም (ሲስተሙ የተሠራበት የፕሮግራም ጽሑፍ) አብረውት ሄዱ። ዲስኩ የተበላሸ ቀን የተጠራነው እኛ ነን። መምህራን የሁለት ሴሚስተር ውጤት ከማርክ ሊስት ላይ እንደገና አስገቡ። ሌላው ወስኖ እኔ የምጠየቅ ከሆነ አልስማማም። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የተማሪ መረጃ እንደ ልብ የትም የሚጫንበት ጊዜ አልፏል።

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ፦
ወንድሜ፣ ሰርቨሩን ማን ይያዝ አላልንም። ያዙት! እኛ የምንለው የሥራውን አካሄድ ጠይቁን ነው። ዊዝድሮው ያደረገ (ትምህርቱን ያቋረጠ) ተማሪ በዳግም ቅበላ ሲመለስ ባቹ ይቀየራል፣ አንዳንዴም ካሪኩለሙ ጭምር። ሲስተሙ ይህን ካላወቀ በእጅ እንሠራለን። ማታ ማታ። ከዚያ ተማሪው የሚቆጣው እኛን ነው።

የግዥ ሠራተኛው፦
ውሳኔው በእውነት የሚወሰንበትን ቦታ ማንሳት አለብን። ስብሰባ ላይ አይደለም፣ ስፔስፊኬሽኑ (የሚገዛው ነገር የመስፈርት ዝርዝር) ላይ ነው። እኔ ጋ ከሚደርሰው ብዙው ከአንድ አቅራቢ ፕሮፎርማ የተቀዳ ነው። ጨረታ ከወጣ በኋላ የቴክኒክ መስፈርቱን ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። የአያት ስም መስፈርቱ ላይ ካልተጻፈ አቅራቢውን ማስገደድ አይቻልም። ሌላው ችግር ሰኔ 30 ነው። በጀቱ ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል። እስከ ሚያዝያ የተኛ ጥያቄ ግንቦት ላይ «አስቸኳይ» የሚል ተጽፎበት ይመጣል። በዚያ ጥድፊያ ሬጅስትራርን የሚያማክር የለም። ይህን ስል ክፍሌን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እኛም «ማን ተጠየቀ?» ብለን መመለስ እንችል ነበር።

አሜሪካ የሚሠራው፦
እኔ እዚህ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አይቲ ክፍል ውስጥ ነኝ። ኮሚቴ አለን። መምህራን፣ ላይብረሪ፣ ሬጅስትራር ይቀመጣሉ። ቀርፋፋ ነው፣ አንድ ሶፍትዌር ለማጽደቅ ወራት ይፈጃል። ጥቅሙ የገባኝ በጎግል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጎግል ለትምህርት ተቋማት በነጻ ይሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ማከማቻ እንደሚያቆም አስታወቀ። ከ2022 ጀምሮ መነሻው ለአንድ ተቋም በጋራ 100 ቴራባይት ሆነ። ለትንሽ ኮሌጅ ይበቃል፤ ለትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ግን ምንም ማለት አይደለም። እንግዲህ የማን ፋይል ይውጣ? የተመራቂው? የጡረተኛው ፕሮፌሰር? የተመራማሪው የቪዲዮ ክምችት? ይህን ኢንጂነር ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፣ ሊጠየቅም አይገባም።

የአይሲቲ ባለሙያው፦
ነጻ የተባለው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ነገ ሌላ ዋጋ ይወጣለታል። ለእኛ ደግሞ ምንዛሬው አለ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር የሚታደስ ላይሰንስ የፈረመ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው አስቡት። ሙድል (የኦንላይን ትምህርት ሲስተም) እና ኮሃ (የላይብረሪ ሲስተም) ላይ ሙጭጭ የምንለው ለዚህ ነው። ላይሰንሳቸው ነጻ ነው። የሚፈልጉት ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ደመወዙ አንሶት ይሄዳል።

ተማሪው፦
ስለ እኛስ? ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና የምንፈተነው በኮምፒውተር ነው። የላቡ ኔትወርክ ወይም ጄኔሬተሩ ካልሠራ የምንጎዳው እኛ ነን። ግቢያችን ሴኔት ላይ የተማሪ ተወካይ አለ። የአይሲቲ ዕቅድ ሲወጣ ግን ተጠይቆ አያውቅም። መጠየቅ አለበት።

መምህሩ፦
እሺ፣ አቋሜን ላሻሽል። የተማሪ መዝገብ የሚነካ ሲስተም ሬጅስትራር ሳይፈርምበት ጨረታ አይውጣ። ደኅንነቱ ላይ ደግሞ አይሲቲ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ይኑረው። ግን ምክንያቱን በጽሑፍ፣ በ15 ቀን ውስጥ ይስጥ። ዝም ብሎ የሚያንጠለጥል ፋይል ሰልችቶኛል።

የአይሲቲ ባለሙያው፦
በጽሑፍ የሚለውን እቀበላለሁ። 15 ቀን ግን ለሁለት ሰው ክፍል አይበቃም። በዚህ አንስማማም።

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ፦
እስከዚያው እኔ ዝርዝሩን ልጀምር። ስም በሦስት ክፍል፣ በአማርኛም በላቲንም። ቀን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር። ዳግም ቅበላ። የግሬድ እርማት ሲደረግ ማን እንዳረመው የሚያሳይ መዝገብ። ሌላ የምትጨምሩት አለ?

የግዥ ሠራተኛው፦
እህቴ፣ እሱን ዝርዝር መስከረም ላይ አድርሽልኝ። ግንቦት ላይ እንዳይሆን።