ለአማርኛ ጽሑፍ የትኛውን የፎንት ኢንጂን ልያዝ?

ኮድ_ለቃሚ፦
ሰላም ወገን። የሱቅ ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ እየጻፍኩ ነው። እኔ ጋ ዊንዶውስ ላይ አሪፍ ነው። ሊኑክስ የሚጠቀም ደንበኛዬ ጋ ሲከፈት ግን ፊደሉ ይሰፋና የዕቃው ስም ሁለተኛ መስመር ላይ ይወርዳል፣ ዋጋውም ከዓምዱ ይወጣል። አንዱ ማሽን ላይ ደግሞ ጭራሽ ሳጥን ሳጥን ብቻ! ፎንቱን ፕሮግራሙ ውስጥ ከትቼ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው የምፈልገው። ከፎንት ፋይል ፊደል ከሚስሉት ላይብረሪዎች የትኛው ይሻላል፦ ፍሪታይፕ፣ ስኪያ ወይስ ኤስቲቢ ትሩታይፕ? የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ፎንትህ የትኛው ነው? ኒያላ ከሆነ ነገሩ እዚያ ነው። ኒያላ የዊንዶውስ ነው። ሊኑክሱ ሲያጣው ሌላ የግዕዝ ፎንት ፈልጎ ይተካል፣ እሱም ከሌለ ሳጥን ያወጣል። የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ደግሞ ፕሮግራምህ ውስጥ ከተህ ማከፋፈል አትችልም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ሲልን ውሰድ፣ የሁለቱም ፈቃድ ይህን ይፈቅዳል።

ባለ_ተርሚናሉ፦
ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ያንኑ ፎንት ብትከትም ዊንዶውስ በራሱ የጽሑፍ መሣያ በዳይሬክትራይት፣ ማክ በራሱ በኮር ቴክስት ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ለሲስተሙ ከተውከው አይገጥምልህም። እኔ ፍሪታይፕ ነው የምልህ። ፎንቱን ከሜሞሪ ጫንና ሂንቲንጉን አጥፋ፤ ሂንቲንግ ፊደሉን ወደ ፒክሰል ሲጎትተው ስፋቱም አብሮ ሊዛባ ይችላል፣ በትንሽ መጠን ላይ ደግሞ ሃያ ፊደል ሲደረደር ዓምድህ ሄደ ማለት ነው። ስኪያ ጎበዝ ነው፣ ግን ዊንዶውስ ላይ ዝም ብለህ ከያዝከው ራሱ ዳይሬክትራይትን ነው የሚጠራው። ለደረሰኝ ደግሞ ከባድ ነው፣ ምን አሸከመህ? ኤስቲቢ አንድ ፋይል ብቻ መሆኑ ደስ ይላል፣ ከማይታመን ቦታ የመጣ ፎንት ግን እንዳትሰጠው።

ኮድ_ለቃሚ፦
ፊደሎችንና ምልክቶችን ቦታ ቦታቸው የሚያስይዘው ሃርፍባዝስ ያስፈልገኛል? ግዕዝ እንደ ዓረብኛ አይቀጣጠልም፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ አለው።

መዝገበ_ቃል፦
ለደረሰኝ ግድ የለህም። እኔን የመዝገበ ቃላት አፕ ስሠራ ነው ያስለቀሰኝ። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» ለመለየት በዓሉ ሲሆን «ና» ላይ የማጥበቂያ ሁለት ነጥብ ታደርጋለህ አይደል? ያለ ሃርፍባዝ ነጥቦቹ ቦታቸውን ስተው የትም ይወድቃሉ። ደግሞ መስመር መስበር የፍሪታይፕም የሃርፍባዝም ሥራ አይደለም፣ ራስህ ነህ የምትጽፈው። በሁለት ነጥብ የተለየ የድሮ ጽሑፍ ከመጣ ከ«፡» በኋላ መስበርህን አትርሳ።

ኮድ_ለቃሚ፦
ተባረኩ! ኖቶን ከትቼ፣ በፍሪታይፕ ሂንቲንጉን አጥፍቼ ሞከርኩ። ስፋቱ ሁለቱም ማሽን ላይ ገጠመ። አሁን ባለ ሱቁ «ፊደሉ ቀጠነብኝ» እያለ ነው 😅

ባለ_ተርሚናሉ፦
የደረሰኝ ማተሚያ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው፣ ግራጫ አያውቅም፤ የፊደሉ ግራጫ ጠርዝ ሲቀር ነው የሚቀጥነው። ወፈር ያለውን የኖቶ ፎንት ክተትለት።