መጨረሻውን ሳይገልጡ ስለ ፍቅርና ስለ ወንጀል ልቦለዶች አስተያየት መጻፍ

ጥያቄ፦ አንባቢዋ ከአራት ኪሎ

የተከበራችሁ አባላት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ባልደረቦች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጣን አዳዲስ ልቦለዶችን እየገዛን በተራ እናነባለን። መጻሕፍቱን አስቀድሜ አንብቤ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ አስተያየት እንድጽፍና በሻይ ክበባችን ሰሌዳ ላይ እንድለጥፍ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጥቶኛል። ባልደረቦቼ የትኛውን ቀድመው እንደሚያነቡና ለየትኛው ተጨማሪ ቅጂ እንደሚገዛ የሚወስኑት ያንን አይተው ነው።

አሁን በእጄ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ደራሲዎቹ ጀማሪዎች ስለ ሆኑ የመጻሕፍቱን ርእስ አልጠቅስም። አንደኛው የፍቅር ልቦለድ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኝ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣትና ከውጭ አገር የተመለሰ መሐንዲስ ይፋቀራሉ፤ ከዚያ እርሱ የደወለውን ስልክ ታናሽ እህቷ አንሥታ መልእክቱን ሳታደርስ በመቅረቷ ብቻ ከመጽሐፉ እኩሌታ ለሚበልጥ ጊዜ ተለያይተው ይኖራሉ። አጻጻፉ ያማረ ነው። ልጅቷ ማታ የመድኃኒት ቤቱን መዝጊያ ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርጋ የቀኑን ሒሳብ ስትደምር፣ ከመዝጊያው ሥር የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ እያየች የእርሱን እርምጃ ለመለየት ስትሞክር የሚያሳየው ምዕራፍ ብቻውን መጽሐፉን ያስገዛል። መለያየታቸው ግን ፈጽሞ አላሳመነኝም።

ሁለተኛው የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ነው። ፒያሳ ውስጥ አንድ አረጋዊ ሰዓት ሠሪ በሱቁ ሞቶ ይገኛል፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች በሙሉ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ቆመዋል። በዚህ አጀማመር ተይዤ መጽሐፉን ከእጄ ሳላወርድ ጨረስሁት፤ ሆኖም ገዳዩ እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ድረስ ስሙ እንኳ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ በመገኘቱ ከልቤ ተናደድሁ።

እንግዲህ ይህን ቅሬታ መጨረሻውን ሳልገልጥ እንዴት ልጻፈው? ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ መመዘኛ ማየትስ ይገባል? ሻጮች «አዲስ» የሚሉት መጽሐፍ በእርግጥ አዲስ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ለጀማሪ ደራሲ ምን ያህል ጥብቅ መሆን እንዳለብኝም ብታማክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የወንጀል ልቦለድ ወዳጅ፣ ስድስት ኪሎ

እህታችን፣ መናደድዎ ተገቢ ነው፤ የቆየ ደንብም ይደግፍዎታል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለወንጀል ምርመራ ልቦለድ ጸሐፊዎች ዐሥር ደንቦችን ሲያወጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈው ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት የሚለውን ነው። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው መደበቅ የለበትም የሚልም ይገኝበታል። ደንቦቹ እንደ ሕግ የሚያስሩ አይደሉም፤ ታላላቆቹ ጸሐፊዎች ራሳቸው በየጊዜው ጥሰዋቸዋል። መነሻ ሐሳባቸው ግን ትክክል ነው፤ የዚህ ዓይነት ልቦለድ አንባቢ ከመርማሪው ጎን ለጎን እያሰበ ስለሚሄድ፣ ማሰቢያ የሚሆነውን ነገር ከከለከሉት እንዲደክም የተደረገው በከንቱ ነው።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ በጥብቅ ላሳስብዎ። «ገዳዩ በመጨረሻ የሚመጣ ሰው ነው» ብለው በሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ፣ ስም ባይጠሩም መጽሐፉን ገልጠውታል። ያንን ያነበበ ባልደረባዎ የሟቹን የወንድም ልጅ፣ ጎረቤቱን ወርቅ ሠሪ፣ ኪራይ ሰብሳቢውን፣ ሌላውንም ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነጻ አድርጎ ስለሚያነብ የሚጠረጥረው ሰው አይኖረውም። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመችው አንድ ልቦለድ፣ ደራሲዋ አንባቢን በአግባቡ ይዛዋለች ወይስ አልያዘችም የሚል ትልቅ ክርክር አስነሥቷል፤ ክርክሩ ስለ ምን እንደ ነበር ከነገርኩዎ ግን መጽሐፉን ለማንበብ ምክንያት አይቀርዎትም። የቅሬታው ዓይነት ራሱ ምሥጢር የሚያወጣበት ጊዜ አለ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ፍርዱን ይጻፉ፣ ምክንያቱን ያቆዩ። «አጀማመሩና የምርመራው ሂደት የያዘኝን ያህል ፍጻሜው አላሳመነኝም» ቢሉ ማንንም አይጎዳም። ታሪኩን በሚያስተዋውቁበት ጊዜም ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ አይለፉ። ሙሉ ምክንያትዎን በሌላ ወረቀት ጽፈው፣ አጥፈው፣ «ለጨረሱ ብቻ» ብለው በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ቢያስቀምጡት መጽሐፉን የመለሱ ሰዎች ከእርስዎ ጋር ለመወያየት መነሻ ያገኛሉ።

ከመፍረድዎ በፊት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ምዕራፎች እርሳስ ይዘው እንደ ገና ያንብቧቸው። ስሙ ያልተነሣ ሰው በሥራው ወይም በድምፁ ተጠቅሶ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ሰዓቱን ሊያሠራ መጥቶ ሳይወስድ የሄደ ደንበኛ። የቆሙት ሰዓቶችም ማን እንዳቆማቸውና ለምን እንዳቆማቸው መልስ ማግኘታቸውን ይመልከቱ። እንዲህ ያለ እንግዳ ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጦ ሳይፈታ ያለፈ ደራሲ፣ ለእኔ ገዳዩን ዘግይቶ ካመጣው የበለጠ በድሏል።

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህርት፣ አምስት ኪሎ

ሁለቱን በአንድ መመዘኛ መመዘን አይገባም እላለሁ። ወንጀል ነክ ልቦለድን ስናነብ ማን አደረገው ብለን እንጠይቃለን፤ የፍቅር ልቦለድ ግን የሚይዘን እንዴት ወደዚያ እንደሚደርሱ ለማየት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜውን በርእሱ ላይ አስቀምጦ የተነሣ መጽሐፍ ነው። አገሩ ሁሉ መጨረሻውን እያወቀ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ ደጋግሞ ሰምቶታል፤ ዛሬም እየገዛ ያነበዋል።

ይህ የሚሆነው እንቅፋቱ እውነተኛ ስለ ሆነ ነው። በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ መካከል የቆመው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው፤ በዛብህ ራሱ ደግሞ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉትን ስለት በልቡ ተሸክሞ ይኖራል። ሁለቱ ፍቅረኞች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ቢነጋገሩ እንኳ ከእነዚህ አንዱም አይወገድም። የእርስዎን መጽሐፍ በዚሁ ይፈትኑት፤ ልጅቷና መሐንዲሱ ለአምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ ታሪኩ ያልቅ ነበር? ያልቅ ከነበረ መለያየታቸው ከባሕርያቸው የመጣ ሳይሆን ደራሲው ገጽ ለመሙላት ያመጣው ነው፤ እንደዚያ ብለው በድፍረት ይጻፉ። ነገር ግን እህትየዋ መልእክቱን ያላደረሰችው ሆን ብላ ከሆነ፣ ብቻዬን ትታኝ ትሄዳለች ብላ ፈርታ ወይም ቀንታ ከሆነ፣ የመጽሐፉ እውነተኛ ታሪክ በሁለቱ እኅትማማቾች መካከል ያለው ሊሆን ስለሚችል ያንን መስመር ተከትለው እንደ ገና ቢያዩት መልካም ነው።

ሌላው ጉዳይ የአንባቢው ፍላጎት ነው። በእንግሊዝኛ የሚታተሙት የፍቅር ልቦለዶች በአብዛኛው ጥንዶቹ በደስታ እንዲገናኙ ከአንባቢ ጋር እንደ ተዋዋሉ ሆነው ይጻፋሉ። የእኛ የፍቅር ልቦለድ ግን እንዲህ ያለ ውል የለውም፤ በሞትም በስደትም ሊያልቅ ይችላል። ባልደረቦችዎ የትርጉም ሥራዎችን የለመዱ ከሆኑ፣ ፍጻሜውን ሳይናገሩ «ቀላልና የሚያሳርፍ» ወይም «ከበድ ያለና የሚያሳዝን» ብሎ መንፈሱን ማመልከት ጥንቃቄ ነው እንጂ ምሥጢር ማውጣት አይደለም።

መልስ፦ የወንጀል ልቦለድ ወዳጅ፣ ስድስት ኪሎ

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በመጨረሻው ነጥብ ግን ከመምህርቷ እለያለሁ። «የሚያሳዝን» የሚለው ቃል የፍቅር ልቦለድን ግማሹን ይነግራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ስድሳ ዓመት ገደማ የኖረና ሁሉም የሚያውቀው ስለ ሆነ ለዛሬ አዲስ መጽሐፍ ማመሳከሪያ አይሆንም፤ አዲሱ መጽሐፍ በመጀመሪያ ንባብ የሚገኘውን ጉጉት ገና አላገኘም። እኔ ብሆን መንፈሱን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንድ አንቀጽ በመጥቀስ ብቻ አሳያለሁ።

መልስ፦ የመጻሕፍት ነጋዴ፣ ለገሃር

እህቴ፣ ስለ አዲስነቱ እኔ ልመልስልሽ፤ ሥራዬ ስለ ሆነ። ሽፋኑን አትመኚው። ከርእሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ገጽ ገልጠሽ «የመጀመሪያ ዕትም» የሚለውንና ዓመቱን ተመልከቺ። ሽፋኑ ተቀይሮ በሁለተኛና በሦስተኛ ዕትም የሚወጣ ልቦለድ ብዙ ነው፤ አዟሪው ደግሞ ከክንዱ እስከ አገጩ ከደረደረው ክምር ከላይ ያለውን ሁሉ አዲስ ነው ይልሻል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆች ለዪ፤ በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስላለ ያሳስታል። የተርጓሚ ስም ካለም የመጀመሪያው ደራሲና መጽሐፉ በራሱ ቋንቋ የታተመበት ጊዜ ተጽፎ እንደሆነ እዪ፤ በአማርኛ ትናንት የወጣ መጽሐፍ በራሱ ቋንቋ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ይችላል።

ለወንጀል ልቦለድ ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት የገጾቹን ቁጥር ተከታተይ። መጽሐፍ በብዛት የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ በዐሥራ ስድስት በዐሥራ ስድስት ገጽ እየታጠፈ ነው፤ ሲጠረዝ አንዱ እጥፋት ከቀረ ከገጽ 192 በቀጥታ ወደ 209 ትዘያለሽ። ተደብቆ በተባዛ ቅጂ ይህ ይደጋገማል፤ ወረቀቱ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያሳያል፣ የሽፋኑ ቀለምም የደበዘዘ ነው። ያ ሰው ስሙ ያልተነሣው በጎደለ እጥፋት ምክንያት እንዳይሆን ቅጂሽን አንድ ጊዜ ብታዪው አይከፋም። ሌላ ቅጂ ለማመሳከር ከፈለግሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ነው፤ ወመዘክርም ሩቅ አይደለም።

መልስ፦ አንዲት ጀማሪ ደራሲ፣ ካዛንቺስ

ስለ ጥብቅነቱ በበኩሌ የማምንበትን ልግለጽ። በአገራችን ብዙ ደራሲዎች ለአርታዒ ሳይሰጡ፣ የማተሚያውን ወጪ ራሳቸው ከፍለው ወይም ተበድረው ያሳትማሉ፤ ይህ ማለት አስተያየት ሊለሰልስላቸው ይገባል ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚጠቅመን ነገሩን ከነቦታው የሚያሳይ ወቀሳ ነው። «መጽሐፉ አልተሳካለትም» የሚል ቃል የትም አያደርሰንም፤ «ከሰባተኛው ምዕራፍ በኋላ እህትየዋ ለምን ዝም እንዳለች አልተነገረንም» የሚል ቃል ግን ሁለተኛውን ዕትም ሊያስተካክል ይችላል። የመድኃኒት ቤቱን ምዕራፍ ያመሰገኑበትን ዓይነት ዝርዝር ምስጋናም በሰሌዳው ላይ አይተዉት፤ ደራሲ የትኛው ገጽ እንደ ሠራለት የሚያውቀው አንባቢ ሲነግረው ብቻ ነው። አስተያየቱ ስለ ጽሑፉ ይሁን፤ ስለ ደራሲው ዕድሜ፣ ጾታ ወይም ትምህርት አይሁን።

መልስ፦ የፒያሳ ነዋሪ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የፒያሳ ሰፊ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። የሰዓት ሠሪው ታሪክ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ደራሲው ዘመኑን ካልወሰነ፣ ገዳዩ ያመለጠበት ቅያስ፣ ምስክሯ የቆመችበት ደጃፍና የሱቁ ጎረቤቶች ሁሉ አጠራጣሪ ይሆናሉ። በወንጀል ልቦለድ ውስጥ ቦታና ሰዓት ማስረጃዎች ስለ ሆኑ ይህን መመዘን የእኛ የአካባቢው አንባቢዎች ድርሻ ነው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ቅጂዬን ተመልክቻለሁ፤ ገጾቹ የተሟሉ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎችም ዳግመኛ አነበብሁ፤ ስለዚያ ሰው የተባለ ነገር የለም፤ የሰዓቶቹ ጉዳይ ግን በሚገባ ተፈትቷል፤ መፍትሔውም ከጠበቅሁት በላይ ያማረ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በፍቅር ልቦለዱ ውስጥ የእህትየዋ ዝምታ ምክንያት ስላልተሰጠው ቅሬታዬን አልለወጥሁም። ለሰሌዳው ያዘጋጀሁት ይህ ነው፤ ብታርሙልኝ።

«የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ታሪክ በዝርዝር ምልከታው እጅግ የሚያረካ ነው፤ የማታውን ሒሳብ የሚያሳየውን ምዕራፍ አንብባችሁ እንድትነግሩኝ እሻለሁ። ጥንዶቹ የሚለያዩበት ምክንያት ግን ለረጅሙ መለያየት አይበቃም፤ ሁለት ሰዎች የሚያውቁትን እንዳይነጋገሩ የከለከላቸው ነገር በባሕርያቸው ውስጥ አልታየኝም። የሰዓት ሠሪው ሞት ከመጀመሪያው ገጽ ይዞ የሚሄድ ነው፤ የቆሙት ሰዓቶች እንቆቅልሽ በጥበብ ተፈትቷል። ያልተጠበቀው ገዳይ ማንነት ግን የምርመራውን ያህል አላሳመነኝም። ተጨማሪ ቅጂ የሚገዛ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።»

አንድ ነገር ልጨምር። በሚቀጥለው ወር የምንገዛው ልቦለድ ፍቅርንም ምርመራንም የያዘ ነው ተብሏል፤ በየትኛው ልመዝነው?

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህርት፣ አምስት ኪሎ

ቅይጡ ለእኛ አዲስ አይደለም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ውስጥ የጋዜጠኛውና የፊያሜታ ፍቅር ከአሥመራው የስለላ ታሪክ ጋር የተጋመደ ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጠው ሌላውን ከታሪኩ አውጥተው ያስቡት፤ ፍቅሩ ቢወጣ ምርመራው ሳይጎድል የሚቀጥል ከሆነ ፍቅሩ ለገበያ የተለጠፈ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም ከሆነ ግን ሁለቱንም መመዘኛ በአንድነት ይጠቀሙ።

መልስ፦ የወንጀል ልቦለድ ወዳጅ፣ ስድስት ኪሎ

አስተያየትዎ ጥሩ ሆኗል። «ያልተጠበቀው ገዳይ ማንነት» የሚለውን አውጥተው በምትኩ «ፍጻሜው» የሚለውን ብቻ ያስገቡ፤ ያለዚያ ባልደረቦችዎ ገና ሳይጀምሩ የሚጠረጥሩትን ሁሉ ይተዉታል። ሌላው እንዳለ ይለጠፍ።