አስቸኳይ፦ ወንድሜ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ካቆመ 3ኛ ቀኑ ነው፤ ዶፓሚን የሚመልስ ኪኒን አለ?

የጎፋዋ፦ የነቃ ሰው ካለ እባካችሁ መልሱልኝ። ወንድሜ ይንቀጠቀጣል፣ በላብ ተነክሯል፣ ያዛጋል፣ ተቅማጡም አልቆመም። «ምንም አይጥመኝም፣ አንድ ብቻ ስጪኝ» እያለ ይለምነኛል። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል አልቆበት ነው አሉኝ። የሚተካ ኪኒን የት ይገኛል?

ባለፋርማሲ፦ በቀን ስንት ነበር የሚወስደው? ለምን ያህል ጊዜ? ሌላ መድኃኒትስ አለው?

የሠፈር ልጅ፦ ትንሽ ጫት ይቃም፣ ይነቃቃል።

ነርሷ፦ ኧረ ጫት እንዳትሰጪው! ልቡ አሁንም በፍጥነት እየመታ ነው። ኦአርኤስ፣ ያን ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት፣ በውኃ በጥብጠሽ በትንሽ በትንሹ አጠጪው።

ወለተ ማርያም፦ የኔ እህት፣ ጠበል ውሰጂው። እኔ ልጄን ያገኘሁት በጠበል ነው።

ነርሷ፦ እማማ፣ ጠበሉም ይሁን። ሐኪሙ ግን ይቅደም።

የጎፋዋ፦ ከሞተር ወድቆ እግሩ ሲሰበር ነው የታዘዘለት። 2 ዓመት ሆነው። አሁን በቀን አንድ ስትሪፕ ይጨርሳል፤ ባለ 50ው፣ 10 ፍሬ። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ባለፋርማሲ፦ በቀን 500 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ለአዋቂ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 400 ነው። ትራማዶል ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ራሱን ስቶ ተንቀጥቅጦ ያውቃል?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ዶፓሚኑ አላለቀም። መነሻሽ ላይ ልከራከርሽ፣ ምክንያቱም ኪኒን ፍለጋ ስትዞሪ ሌሊቱ ያልቅብሻል። መካከለኛው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚለቁ ሴሎች አሉ። ጋባ የሚባል ኬሚካል የሚለቁ ሌሎች ሴሎች ደግሞ እንደ ፍሬን ይይዟቸዋል። እንደ ትራማዶል ያለ ኦፒዮይድ፣ ማለትም የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ፣ ፍሬኑን ያስለቅቃል፣ ዶፓሚኑም ይጎርፋል። ዶፓሚን ደግሞ ደስታ ራሱ አይደለም፤ «ይሄ ይጠቅማል፣ ድገመው» የሚል ምልክት ነው። 2 ዓመት ሙሉ ሲጎርፍበት አንጎል ራሱን ያደነዝዛል። መድኃኒቱ ሲቀር ምልክቱ ከጤነኛ ሰው በታች ይወርዳል። ምግቡም ጨዋታውም የማይጥመው ለዚህ ነው። ይሄ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ስንፍና እንዳይመስልሽ።

የሠፈር ልጅ፦ መንቀጥቀጡስ?

መምህሩ፦ እሱ ሌላ ነው። ላቡ፣ ብርዱ፣ የልብ ምቱ ኖርአድሬናሊን ከሚባለው ሰውነትን ከሚያነቃቃ ኬሚካል ነው። ኦፒዮይዱ ተጭኖ የያዘው የአንጎል ግንድ ክፍል አሁን ተለቆ ይጮኻል። ትራማዶል በራሱ ኖርአድሬናሊንንና ሴሮቶኒን የሚባለውን ሌላ የአንጎል ኬሚካልም ስለሚነካ አንዳንዱን ከባድ ፍርሃት ይይዘዋል፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማም አለ። የፓርኪንሰን መድኃኒት ዶፓሚን ያመጣል ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ እንዳትገዢ።

ነርሷ፦ ኦአርኤሱን አትርሺ። 2ኛውና 3ኛው ቀን ነው የሚብሰው፤ አብዛኛው ሰው በሳምንት፣ በ10 ቀን የሰውነቱ ስቃይ ይቀልለታል።

ያለፈበት፦ እኔ 2 ጊዜ አቁሜ 2 ጊዜ ተመልሻለሁ። አንድ ነገር ስሚኝ፣ እህቴ። ሰውነቱ የድሮውን መጠን መልመዱን በቀናት ውስጥ ይረሳል። ተደብቆ ያንኑ ስትሪፕ ቢውጥ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እኔን ያተረፈችኝ እናቴ ናት፤ ከንፈሬ ሲጠቁር አይታ። ኪሱን፣ ፍራሹን፣ የጫማውን ውስጥ ፈትሺ። ስትፈትሺ ግን አትሳደቢው፤ እያፈረ ነው።

ባለፋርማሲ፦ ትክክል። ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ ወይም ካልነቃልሽና ትንፋሹ ከዘገየ ለአምቡላንስ 907 ደውይ። በጎኑ አስተኚው። ያለዚያም ሲነጋ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰጂው። እዚያ በሐኪም እጅ መጠኑን እየቀነሱ ማስቆም ይቻላል፤ በአንዴ መቁረጥ አልነበረበትም።

የጎፋዋ፦ ጫማው ውስጥ ግማሽ ስትሪፕ አገኘሁ።

ያለፈበት፦ ሽንት ቤት እንዳትጥይው። ያዢው፣ ለሐኪሙ አሳዪው። እሱስ ምን አለ?

ነርሷ፦ የጎፋዋ፣ ትንፋሹ እንዴት ነው?

ዝምተኛዋ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ባለቤቴ ትራማዶል በቀን 4 ፍሬ ይወስዳል፣ ገና አላቆመም። እኛስ ከየት እንጀምር?

ባለፋርማሲ፦ ዛሬ እንዳታስቆሚው። ስትሪፑን ይዛችሁ አብራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።