በስክሪን ቀረጻ ላይ የማውስ ጠቋሚውን ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል?

ጠያቂ (መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎቼ የኤክሴል ትምህርት በኦቢኤስ ስቱዲዮ እየቀረጽኩ በቴሌግራም እልካለሁ። አብዛኞቹ የሚከታተሉት በስልክ ስለሆነ ጠቋሚው የጤፍ ቅንጣት አክሎ ይታያቸዋል፤ «መምህር፣ የቱን ነው የነኩት?» የማይለኝ የለም። ሌሎች ሰዎች ቪዲዮ ላይ ቢጫ ክብ ጠቋሚውን ሲከተለው አያለሁ። ኦቢኤስ ውስጥ ግን ጠቋሚውን ከማሳየትና ከመደበቅ ሌላ ምርጫ አላገኘሁም። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 ነው። ቀድሞ የተቀረጹትንስ ማስተካከል ይቻላል?

መልስ (ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ባሕር ዳር)
ካምታዚያ የሚባለውን የስክሪን መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ይጠቀሙ። በራሱ ሲቀርጽ የጠቋሚውን እንቅስቃሴ ከምስሉ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ጠቋሚውን ማተለቅ፣ ክብ ማልበስ፣ ጠቅ ሲደረግ ቀለበት እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል። ኦቢኤስ ግን ጠቋሚውን ከምስሉ ጋር አዋህዶ ነው የሚቀርጸው፤ አንዴ ከተቀረጸ መለየት የለም።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)
ካምታዚያ እኮ በገንዘብ ነው፤ መምህር ደግሞ የሚያስተምሩት በነፃ ነው! ፓወርቶይስ የሚባለው የማይክሮሶፍት አጋዥ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል። ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ያውርዱት። ከጫኑት በኋላ «ማውስ ሃይላይተር» የሚለውን ያብሩ። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትንና ኤችን አንድ ላይ ሲጫኑ ሥራ ይጀምራል፤ በግራ ጠቅ ሲያደርጉ ቢጫ፣ በቀኝ ሲያደርጉ ሰማያዊ ክብ ያወጣል። ጠቅ ሳያደርጉም ክቡ እንዲከተልዎት ከፈለጉ፣ እዚያው ሁልጊዜ ለሚታየው ክብ ቀለም ይምረጡለት፤ ሲጫን በማይታይ ቀለም ስለሚመጣ ብዙ ሰው የሌለ ይመስለዋል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጫንኩት። እኔ ስክሪን ላይ ክቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቪዲዮው ላይ ግን የለም!

መልስ (ፍኖተ ሰላም)
ኦቢኤስ ላይ የመረጡት የኤክሴልን መስኮት ብቻ የሚቀርጸውን «ዊንዶው ካፕቸር» ይመስለኛል። ክቡ ከመስኮቱ በላይ ለብቻው የሚሣል ስለሆነ እዚያ ውስጥ አይገባም። «ዲስፕሌይ ካፕቸር» ያድርጉት፤ ሙሉውን ስክሪን ስለሚወስድ ክቡም አብሮ ይገባል። የቴሌግራም መልእክት ብቅ እንዳይልብዎት አስቀድመው ይዝጉት እንጂ።

መልስ (ዳንግላ)
ከክቡ በፊት ጠቋሚውን ራሱን ያተልቁት። ሴቲንግስ ገብተው አክሰሰቢሊቲ፣ ከዚያ «ማውስ ፖይንተር ኤንድ ተች» ሲሉ መጠኑንና ቀለሙን ይቀይራሉ። ምንም የሚጫን ነገር የለውም። ለስልክ ተመልካች ደግሞ ከክብ ይልቅ ምስሉን አቅርቦ (ዙም አድርጎ) ማሳየት ይበልጣል፤ ዙምኢት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮንትሮልንና 1ን ሲጫኑ የፈለጉትን ሴል ስክሪኑን ሞልቶ ያሳያል። ኮንትሮልና 2 ደግሞ በማውስ ለመሣል ነው፤ ቀመሩን በቀይ ከበብ አድርገው ማስረዳት ይችላሉ።

የድሮዎቹን በተመለከተ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ክብ ሥሎ ጠቋሚውን እያሳደዱ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ አድካሚ ነው። አጫጭር ትምህርቶች ከሆኑ እንደገና መቅረጹ ይቀልላል። ረጅሞቹን ወሳኝ ቦታው ላይ ብቻ ምስሉን አቅርበው ይለፉት።

መልስ (ሞጣ)
በስልክ የሚቀርጽ ካለ ደግሞ፦ አንድሮይድ ላይ ስለ ስልኩ ከሚለው ገጽ «ቢልድ ነምበር»ን 7 ጊዜ ሲነኩ የዴቬሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ። እዚያ «ሾው ታፕስ»ን ያብሩ፤ ጣት ያረፈበት ሁሉ ነጥብ ያሳያል።

ጠያቂ
በዲስፕሌይ ካፕቸር ገብቷል፣ ተባረኩ! የቀረኝ፣ በቢጫ ያቀለምኳቸው ሴሎች ላይ ክቡ ይጠፋል።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)
ማውስ ሃይላይተር ውስጥ የግራውን ቀለም ወደ ቀይ ይቀይሩት፤ ቁጥሩን እንዳይሸፍን ግን ሳሳ ያድርጉት።