ማስረጃ ሳይኖር ገንዘብ ይሰጥ? የሕክምና ቴክኖሎጂ ጀማሪዎችን በተመለከተ የተነሣ ክርክር

አወያይ፦ ጥያቄው አጭር ነው። አንድ ቡድን አዲስ የሕክምና መሣሪያ ሠርቷል። ፕሮቶታይፑ (የመጀመሪያው ናሙና) ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ በሕመምተኛ ላይ ግን ገና አልተፈተነም። ባለሀብት ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ገንዘብ ይስጥ ወይስ ማስረጃው እስኪመጣ ይጠብቅ? እንዳንምታታ ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጥቀስ። ስድብ ክልክል ነው፤ ሽሙጥ በልኩ ይፈቀዳል።

ሐኪሟ፦ ይጠብቅ። ቴራኖስ የሚባለውን የአሜሪካ የደም ምርመራ ኩባንያ የረሳ ካለ ላስታውሰው። በ2003 ተቋቋመ። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጥቂት ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እሠራለሁ አለ። ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ 9 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተባለ። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው መልሱ «የንግድ ምስጢር» ነበር። በኋላ ሲጣራ አብዛኛው ምርመራ የሚሠራው ሌሎች ኩባንያዎች ባመረቱት ማሽን ሆኖ ተገኘ። በ2018 ተዘጋ። መሥራቿ ኤልዛቤት ሆምስ በ2022 ባለሀብቶችን በማታለል ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደባት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ባለሀብቱስ ገንዘቡን ነው ያጣው። የተሳሳተ የደም ውጤት ይዞ ቤቱ የገባውን ሰው አስቡት።

መሥራቹ፦ ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቴራኖስ የማጭበርበር ታሪክ ነው። እኛ አፋችንን በከፈትን ቁጥር ቴራኖስ ይጠራብናል፤ ሰለቸን። ማስረጃ ከሰማይ አይወርድም። ክሊኒካል ሙከራ፣ ማለትም በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ፣ ለመሥራት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ለተሳታፊዎች መድን፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ቢያንስ ጥቂት ደርዘን በጥራት የተመረቱ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ይሄን ሁሉ በምን ልክፈል? ማስረጃ አምጣና ገንዘብ ውሰድ ትሉኛላችሁ። ማስረጃው ራሱ ገንዘብ ነው እኮ።

ደግሞ ታሪክ ካነሣን ሌላም አለ። ጥቅምት 31 ቀን 1957 በሚኒያፖሊስ መብራት ጠፋ። ያኔ የልብ ምት መቆጣጠሪያው (ፔስሜከር) ግድግዳ ላይ ካለ የመብራት ሶኬት የሚሰካ ነበር። በዚያ ምክንያት አንድ ሕፃን እንደሞተ ይነገራል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሊለሃይ በጋራዥ ውስጥ ይሠራ የነበረውን ኧርል ባከንን በባትሪ የሚሠራ እንዲሠራለት ጠየቀው። ባከን በአራት ሳምንት ገደማ አደረሰ። በእንስሳ ላይ ሞከሩት፤ በማግሥቱ ባከን ሆስፒታል ሲመለስ መሣሪያው አንዲት ልጅ ላይ ተገጥሞ አገኘው። የዚያች ጋራዥ ሥራ ነው ዛሬ ሜድትሮኒክ የሚባለው ትልቅ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ።

ሐኪሟ፦ ቆንጆ ታሪክ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሙሉውን ተናገር። የዚያች ልጅ አማራጭ ሞት ነበር። መሣሪያው ቢበላሽ የምታጣው ነገር ከማይኖራት ሕመምተኛ ጋር ጤነኛ ሰው እጁ ላይ የሚያስረውን የጤና መለኪያ ታወዳድራለህ? እንደ አደጋው መጠን ነው ማስረጃ የሚጠየቀው።

መሥራቹ፦ እሱን ሕጉም ያውቃል። አሜሪካ ከ1976 ጀምሮ መሣሪያዎችን በአደጋቸው በሦስት ደረጃ ትከፍላለች። መካከለኛው ደረጃ ላይ ያለው አብዛኛው መሣሪያ ገበያ ላይ ካለ ሌላ መሣሪያ ጋር በመሠረቱ አንድ መሆኑን ካሳየ አዲስ ክሊኒካል ሙከራ ላይጠየቅ ይችላል።

ሐኪሟ፦ በዚያው በር ነው ዴፑይ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሰው ሠራሽ የብረት ዳሌ የገባው። «ከነባሩ ጋር ተመሳሳይ ነው» ተብሎ አለፈ። በ2010 ከገበያ ተሰበሰበ። በዓለም ዙሪያ 93,000 ገደማ ሰው ውስጥ ተተክሎ ነበር። ሶፍትዌር ቢሆን ታዘምነዋለህ፤ ዳሌ ግን እንደገና ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ባለሀብቱ፦ ሁለታችሁንም ስሰማ ቆየሁ። እኔ ገንዘብ ያጣሁት በማስረጃ እጦት አይደለም። ማስረጃውም ፈቃዱም የነበረው ኩባንያ ነው የከሰረብኝ። ስሙን ልተወው፤ በአደባባይ የሚታወቀውን ግን ልጥቀስ። ፒር ቴራፒዩቲክስ ለሱስ ሕክምና የሚሆን በሐኪም የሚታዘዝ መተግበሪያ ሠራ። በ2017 የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። በ2023 ኪሳራ አወጀ። ሐኪም መተግበሪያውን ቢያዝዝም መድን ድርጅቶቹ አንከፍልም እያሉ አስቸገሩ።

ሌላ ዕቃ ስትሸጥ የሚመርጠው፣ የሚጠቀመውና የሚከፍለው አንድ ሰው ነው። እዚህ ሐኪሙ ያዛል፣ ሕመምተኛው ይጠቀማል፣ መድኑ ይከፍላል፣ ውሉን ደግሞ የግዥ ክፍሉ ይፈርማል። አራቱም «እሺ» ካላሉ የለህም። ስለዚህ መሥራች ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሠራል ወይ?» ብዬ አይደለም። «ማን ይከፍልሃል? አናግረኸዋል?» እለዋለሁ። አብዛኛው ያናገረው ሐኪም ጓደኛውን ብቻ ነው።

የጥገና ባለሙያው፦ አምስተኛ ሰው ረስታችኋል፤ እኔን። ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ ሲቆም የሚጠራው እኔ ነኝ። ፕሮቶታይፑ ያማረ፣ ሴንሰሩ ግን በየቀኑ በፀረ ተህዋሲያን ፈሳሽ ሲጠረግ የሚሰነጠቅ መሣሪያ አይቻለሁ። መለዋወጫው ከሠሪው ብቻ የሚገኝ፣ ሠሪው ደግሞ የተዘጋ። በየአምስት ደቂቃው ያለ ምክንያት የሚጮህ ማንቂያ ነርሶቹ በሁለተኛው ቀን ያጠፉታል። ይሄን ለማወቅ ትልቅ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ ሳምንት ዋርድ (ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል) ውስጥ መቆም ይበቃል። ወጪው የጫማ ሶል ነው።

መሥራቹ፦ ይሄ ነካኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኛም ከነርስ ጋር አልቆምንም።

ባለሀብቱ፦ ታዲያ መፍትሔው ገንዘቡን ከፋፍሎ በየደረጃው መስጠት ነው። መጀመሪያ ትንሽ፦ ዋርድ ውስጥ ለመቆም፣ ከፋዩን ለማናገር። እሱ ካለፈ ለትንሽ ሙከራ። ያ ካለፈ ለትልቁ። ችግሩ የቬንቸር ፈንድ፣ ማለትም ጀማሪ ኩባንያዎች ላይ የሚውል የባለሀብቶች ገንዘብ፣ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ነው። ሰውነት ውስጥ የሚተከል መሣሪያ ገበያ እስኪደርስ ያን ያህል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እኛም እንቸኩላለን፤ አልደብቅም።

ሐኪሟ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ከሙከራው በፊት መሥራቹ በወረቀት ይጻፍ፦ «ውጤቱ ይህን ያህል ካልሆነ አቆማለሁ።» ከውጤቱ በኋላ የሚጻፍ ግብ ሁልጊዜ ይሳካል።

መሥራቹ፦ ልጽፍ እችላለሁ። ግን «አቆማለሁ» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ማን ገንዘብ ይሰጠዋል?

ባለሀብቱ፦ እኔ። ሌሎቹን አላውቅም።