ቀይ ቀበሮው ጭላዳዎቹ መሐል ምን ይሠራል?

የመንዟ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለጥምቀት አያቴን ልጠይቅ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ስመለስ ጓሳ ላይ ጎማ ፈነዳብን፤ ሾፌሩ እስኪቀይር ጋቢዬን ተከናንቤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የጭላዳ መንጋ ሣር ይለቅማል። ቂጣቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ፣ በሁለት እጃቸው እየነጩ፤ ንጭት ንጭት የሚለው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። መሐላቸው ታዲያ አንድ ቀይ ቀበሮ! አንዷ ልጇን እንዳዘለች በአፍንጫው ሥር አለፈች፣ ዞር ብላም አላየችው። ረዳቱ "ተላምደው ነው" አለኝና ወደ ጎማው ተመለሰ። ልጅ ሆኜ በግ ስጠብቅ የማውቀው ጭላዳ ግን ውሻ ካየ እየጮኸ ገደል ይገባል። ቀበሮ ከውሻ በምን ተሻለ? ወንድሜ ደግሞ "ተኩላ ነው ያየሽው" ብሎ ድርቅ አለብኝ፤ እስካሁን ተኳርፈናል።

ጅብራ፦
አንቺ፣ ጭራውን አይተሻል? ጫፉ ጥቁር፣ ጎፈር ያለው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ገላው እንደ ዝገት ቀይ፣ እግሩ ረጃጅም ከሆነ ቀይ ቀበሮ ነው። ተኩላው ግራጫ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ጓሳ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ወንድምሽም ዝም ብሎ አላለም።

የባዮሎጂ መምህር፦
እህቴ፣ ያየሽው እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቷል። ቪቬክ ቬንካታራማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 2015 አሳትሞታል። ቀበሮው የመጣው ለአይጥ ነው። ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶውን ሙከራ ነው፤ ጭላዳ መሐል ሲሆን 67 በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ ላይ ሁለት ግምት አለ። አንደኛው፣ መንጋው ሣሩን ሲያተራምስ አይጧ ከጉድጓዷ ትወጣለች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያን ሁሉ ቡናማ ገላ የለመደች አይጥ ቀበሮውን ከጭላዳው አትለየውም የሚል። እኔን ሁለተኛው ነው የሚያሳምነኝ። ሣር ሲነጭ ከላይ የሚሰማው ኮሽታ ለአይጧ መደበቂያዋ ላይ የሚንጎዳጎድ ነገር ነው፤ ለምን ትወጣለች?
ጭላዳዎቹ ግን የዋህ እንዳይመስሉሽ። አንድ ጊዜ አንዱ ቀበሮ ግልገል ጭላዳ ነጥቆ ነበር። ተረባርበው አስጣሉት፤ አባረሩት፤ ቆይቶ ሊመለስ ሲሞክርም አላስጠጉትም።

አባ በርኖስ፦
ልጄ፣ እኔ ጓሳ ጫፍ ነው ያደግሁት። አረማመዱን ልብ ብለሻል? ጭላዳ ውስጥ ሲገባ አይሮጥም፣ ቀጥ ብሎም አይመጣም፤ ቀስ እያለ፣ እንደ እንግዳ። ውሻ እንደዚያ አያውቅም፣ ዘሎ ነው የሚገባው። ጭላዳም የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ከብት መሐልም ሲያደባ አይቻለሁ። "ተላምደው ነው" የሚለውን ግን አልወደውም። የኔን የበግ ግልገል ሲወስድ ከማን ጋር ተላምዶ ነበር? እንዲያም ሆኖ አልገደልኩትም፤ በዓለም ላይ አምስት መቶ እንኳ አይሞላም ይላሉ።

የመንዟ ልጅ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አረማመዱ ልክ እንዳሉት ነው። አሁን ትዝ ሲለኝ ጭላዳዎቹን ጨርሶ አያያቸውም ነበር፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። አንዴ ብቻ ጆሮውን ቀስሮ ቆመ፣ በአፍንጫው ጠለቅ አለ፣ ቀና ሲል ከአፉ ጥግ ቀጭን ጭራ ተንጠልጥላለች። አጠገቡ የነበረው ጭላዳ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሣሩን መንጨቱን ቀጠለ።
ይህን ሁሉ ለወንድሜ ልኬለት የመለሰልኝ "ፎቶውስ?" ብቻ ነው። ስልኬን ብርዱ አጥፍቶት ነበር።

ጅብራ፦
በቃ ተኩላ ነው 😄