ከጥገና በኋላ ለቀነሰው የመኪናዬ ዋጋ ካሳ እንዴት ልጠይቅ?

በጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ አቅራቢያ እኖራለሁ። ባለፈው መጋቢት በ285 አውራ ጎዳና ላይ መኪኖች ቆመው ሳለ፣ ከኋላዬ የመጣ አሽከርካሪ የ2021 ሥሪት ቶዮታ ካምሪዬን ገጨ፤ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን የፖሊስ ሪፖርቱ ያረጋግጣል። የጥገናውን ወጪ የእሱ የመድን ድርጅት ያለ ብዙ ክርክር ከፍሏል። የቸገረኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

መኪናዋን ልሸጥ ስወስዳት፣ የአደጋ ታሪኳ በመዝገብ ላይ ስለሚታይ ብቻ፣ ነጋዴው ከገበያ ዋጋዋ 3,000 ዶላር ቀነሰ። ድርጅቱ ግን ያቀረበልኝ 660 ዶላር ነው፤ ከአደጋው በፊት ታወጣ ከነበረው 22,000 ዶላር 10 በመቶውን ጣሪያ አድርጎ፣ ለጉዳቱ መጠን በ0.5፣ ለተነዳችው 52,000 ማይል ደግሞ በ0.6 አባዝቶታል። ይህ «17ሲ» የሚሉት ቀመር በሕግ የተደነገገ አይደለም፤ የማይል ርቀቱም ቀድሞውኑ በገበያ ዋጋው ውስጥ የታሰበ በመሆኑ፣ ሁለት ጊዜ የተቀነሰብኝ ይመስለኛል።

ገንዘቡን ለመቀበል ሌላ ጥያቄ እንደማላነሣ የሚገልጽ ሰነድ እንድፈርም ስለተጠየቅሁ እስካሁን አልፈረምሁም። የገለልተኛ ገማች ሪፖርት አስይዛችሁ የተከራከራችሁ፣ ወይም እስከ 15,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር በሚያየው የማጅስትሬት ፍርድ ቤት አሽከርካሪውን የከሰሳችሁ ካላችሁ፣ ያቀረባችሁትን ማስረጃና የገማቹን ክፍያ ብትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።